እስከ ቢጫው ድረስ

አባ ኮረት የሚለውን ስም ያወጣለት ጎረቤቱ ቀጮ ነው። ያኔ ሁለቱም ገና ወጣቶች ነበሩ፤ ቀጮም እንደ ስሙ ቀጭን፣ ነፋስ ቢመጣ ይዞት ይሄዳል የሚባል ነበር። አባ ኮረት ከተራራው ሥር ያለውን፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ተዳፋት መሬት ወስዶ ማረስ ሲጀምር ማረሻው ትንሽ ሳይሄድ ድንጋይ እየነከሰ ይቆምበታል። ቀጮ ከታች ከራሱ ማሳ ላይ ሆኖ ይህን ሲያይ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ ሰው፣ ኮረት ዘርተህ ኮረት ልታጭድ ነው እንዴ?»

ስሙ በዚያው ተለጠፈበት። እናቱ ባወጣችለት ስም ቢጠሩት እንኳ ቶሎ የማይዞር ሆነ።

አዲስ ያገባት ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ማሳው ላይ ከወዲያ ወዲህ ተራመደችና «ድንጋዩ ከተለቀመ ከሥሩ አንድ ነገር አይጠፋም» አለች። ለቀሙ። የለቀሙትን በተዳፋቱ ወርድ እየካቡ እርከን ሠሩበት። አንዱን ለቅመው ሲጨርሱ ክረምቱ ሌላ ያወጣል፤ ደግመው ይለቅማሉ። ድንጋዩ ሲቀንስ የቀረው ነጣ ያለ ቢጫ፣ ውሃ የማይዝ፣ እንደ ዱቄት የሚቦን ነገር ነበር። ይሄኔ ሴትዮዋ ቅርጫት አነሳች። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን እየዞረች የሰው በረት ትጠርጋለች፤ ለጠረገችበት የምትጠይቀው እበቱን ብቻ ነው። የምድጃ አመድ፣ የረገፈ ቅጠል፣ ዝናብ ያበሰበሰው ገለባ፣ ሰው የጣለውን ሁሉ ተሸክማ ትመጣለች።

«የሌላው ሰው ሚስት ሰፈር ዞራ ወሬ ይዛ ትመለሳለች፤ የኔዋ እበት» ይል ነበር አባ ኮረት።

«ወሬውንም ሰምቻለሁ፤ እሱን ለመሸከም ቅርጫት ስለማያስፈልግ ነው» ትለዋለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ሴት ልጅ ወለዱ፤ ጉንጯ ሙሉ ስለነበር ድንቡሼ አሏት። ድንቡሼ አድጋ ከተማ ገብታ ስታገባ ያ የነጣ መሬት ጠቁሯል። ክንድ የሚያስገባ ጥቁር አፈር ሆኗል፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ባቄላው ከቀጮ ማሳ ቀድሞ ያብባል። ቀጮ፣ በዚያን ጊዜ ቦርጭ አውጥቶ ስሙ ፌዝ ሆኖበት ስለነበር፣ «ስም ማውጣት ላይ እኔ አልተሳካልኝም» ብሎ ይቀልድ ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ ሳንባዋን ታመመች። ስትሞት አባ ኮረት ከእርሻው የሚቀርበት ምክንያት አላገኘም። ቤት ውስጥ ሲሆን የሌለችበት ቦታ ይበዛል፤ ማሳው ላይ ሲሆን ግን እግሩ በሄደበት ሁሉ የእጇ ሥራ አለ። ስለዚህ እዚያው ይውላል።

ድንቡሼና ባሏ የመጡት እሷ ከሞተች በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ድንቡሼ እርጉዝ ነበረች። ባሏ አትክልተኛ ነው፤ የሀብታሞችን ግቢ ሳርና አበባ እያለበሰ ይኖራል። ሳቂታ ሰው ነው፤ ሲናገር እጁ አያርፍም፤ አማቹንም ከልቡ ያከብራል። የዚያን ቀን ግን ሳቁ ቶሎ ቶሎ ይቆረጥ ነበር። ምሳ እንደበላ ተነስቶ ወደ ማሳው ወጣ፣ ቁጢጥ ብሎ አንድ ጭብጥ አፈር ዘገነ። ጨበጠው፣ እጁን ከፈተ፤ አፈሩ ቅርጹን ይዞ ቀረ። በጣቱ ነካ ሲያደርገው ፍርፍር አለ።

«አባባ፣ እንዲህ ያለ አፈር በሕይወቴ አላየሁም!»

አባ ኮረት ደስ አለው። ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያንን መሬት አላመሰገነለትም። «የእናቷ ሥራ ነው» አለና ስለ ቅርጫቱ፣ ስለ በረቱ፣ ስለ አመዱ አንድ በአንድ አጫወተው። አትክልተኛው እየሰማ አፈሩን ከእጁ አልጣለውም።

ቤት ሲመለሱ ነው ጉዳዩን ያወጣው። ከተማ ውስጥ ትልቅ የአፓርታማ ግቢ ሊያለማ ሥራ ወስዷል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። ግቢው ግን ሲሚንቶና የግንባታ ፍርስራሽ ብቻ ነው፤ ሳር ቢተክሉበት በሳምንቱ ይቃጠላል። አፈር ያመጣ የነበረው ከወንዝ ዳር ነበር፤ እሱም ተከልክሏል።

«ከላይ ከላዩን ብቻ ነው አባባ። መሬቱ እንደሆነ የትም አይሄድብዎትም። ከሥሩ ያለውም ያው አፈር ነው፤ ፍግ ሲጨመርበት ይመለሳል። ፍጉን እኔው ራሴ በመኪና አመጣልዎታለሁ።»

«አይሆንም» አለ አባ ኮረት።

«እሺ» አለ አትክልተኛው፣ ወዲያው። አልተከራከረም። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ፤ እስኪመሽ ድረስ ከዚያ ቀና አላለም። ቢከራከር ይሻል ነበር።

በማግስቱ አባትና ልጅ ወጥ ቤት ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ባለፈው የያዘው ሥራ ሲበላሽበት ምን እንደሆነ አንተ አላየህም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው። ብጠራው አይሰማኝም። ከቤት የምወጣው ቢላዋ ሁሉ እየደበቅኩ ነበር።»

አባ ኮረት በእጁ የያዘውን ቢላዋ አስቀመጠ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እማዬ ታማ ነበር።»

ድንቡሼ ትልጣለች፤ ልጣጩን እንደ እናቷ ሳይቆረጥ አንድ ወጥ አድርጋ ነው የምታወጣው።

«እናትሽ ብትኖር ምን ትል ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«እማዬ እኔን እምቢ ብላኝ አታውቅም» አለች ድንቡሼ፣ ከድንቹ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

እውነቷን ነው፤ እምቢ ብላት አታውቅም። አባ ኮረት ተነሳ፣ በር ላይ ቆሞ ማሳውን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይሁን። አንድ ስንዝር ግን። ከስንዝር በላይ እንዳይነካ በለው።»

ወሬው ቀጮ ጋ ለመድረስ አልዘገየም። በነጋታው ቦርጩን እያስቀደመ ዳገቱን ወጥቶ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ጀመረ።

«ያበድክ መሰለኝ። መሬት ቆዳው ተገፎ እንዴት ብሎ ያድራል?»

«አንድ ስንዝር ነው አልኩህ።»

«ስንዝር ይሁን ክንድ፣ ውሃውን አንቆ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ሲሄድ ክረምቱ የሚወርደው በማን ላይ ነው? ከበታችህ ያለሁት እኔ ነኝ!»

«ቀጮ፣ ተወኝ እስቲ። የልጅ ነገር ነው።»

«እኔስ ልጅ የለኝም?»

አባ ኮረት ያን ጊዜ መናገር የሌለበትን ተናገረ። «በገዛ መሬቴ አዛዥ ያደረገህ ማን ነው? ትናንት ስትስቅበት የነበረ መሬት ነው፤ ዛሬ ምን ጥልቅ አደረገህ!»

ቀጮ ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ቁልቁል ወረደ። ከዚያን ቀን በፊት አንዱ አንዱን ሳይሸኝ የተለያዩበት ጊዜ አልነበረም።

አፈር የሚዝቀው ሎደር የመጣው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። ገልባጭ መኪኖቹ ከኋላው ተሰልፈው ተከተሉት። መግቢያ ስላልነበራቸው በመጀመሪያ የላይኛውን ካብ አፈረሱ። አባ ኮረት ይህን አላሰበበትም ነበር፤ ማሽን እርከን ላይ ተንጠላጥሎ እንደማይሠራ ለማወቅ ማየት ነበረበት። ካቡ ሲናድ የመጣው ድምፅ የብዙ ሰው ማጉረምረም ይመስላል። አትክልተኛው ጠዋት ላይ አብሯቸው ነበር፤ ጥልቀቱን በእጁ እየለካ ለኦፕሬተሩ አሳየው፤ ከዚያ ከተማ ያለው ሥራ ጠራውና ሄደ። ሥራውን ለአንድ ካቦ አስረክቦ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባ ኮረት የሎደሩ አካፋ ጠልቆ እንደሚወርድ አስተዋለ። ቀረብ አለ። በተቆረጠው አፈር ግድግዳ ላይ የዓመታቱ ሥራ በመልክ በመልኩ ይታይ ነበር፤ ከላይ ጥቁሩ፣ መሀል ላይ አመድ የበዛበት ዘመን ግራጫ መስመር፣ ዝቅ ብሎ ቡኒው። የምድር ትሎች ብርሃን ሲያገኛቸው ተጥመዘመዙ። ስንዝሩ ካለፈ ቆይቷል። እጆቹን እያወዛወዘ ማሽኑ ፊት ቆመ።

ኦፕሬተሩ ሞተሩን ቀነሰና አንገቱን በመስኮት አወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም።

«አባት፣ ምነው? ገጭቼ ብጥልዎትስ?»

«አለፍክ እኮ! ስንዝር ነበር የተባለው!»

«ለእኔ የተነገረኝ እስከ ቢጫው ድረስ ነው፤ ከሥር ያለው ቢጫ አፈር እስኪወጣ።»

«ማነው ያለህ?»

ኦፕሬተሩ ወደ ካቦው ጠቆመ። ካቦው ደግሞ መኪኖቹን ጠቆመ፤ በጎዶሎ ጭነት ደርሶ መልስ እንደማያዋጣ፣ መሬቱ አንዴ ከተከፈተ አይቀር ሥራው እንደሚጨረስ ተናገረ፤ ይህንንም የሚለው ስልክ እያናገረ ነበር። አባ ኮረት ቢደውልለት አትክልተኛው ስልኩን አላነሳም። ገልባጩ መኪና እዚያው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። አባ ኮረት ማሽኑ ፊት ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ጎን ገለል አለ። ቤት ገብቶ በሩን ዘጋው። ድምፁ ግን በግድግዳው በኩል ይገባል፤ አካፋው ሲጭር፣ ሲጭን፣ ሲገለብጥ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሲወጣ ማሳው ቢጫ ነበር። እንደ ሕመምተኛ ዓይን ቢጫ።

አትክልተኛው ሲሰማ ደነገጠ፤ ይቅርታም ጠየቀ፤ የምሩን ነበር። ፍግ የጫነ አንድ መኪናም ላከ። አባ ኮረት በተነው። ባቄላም ዘራ። በቀለ፤ ጣት ሲያክል ቅጠሉ ከጫፉ እየጠወለገ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የመጣ ቀን አባ ኮረት በር ላይ ቆሞ ነበር። ድሮ ዝናብ ሲመጣ መሬቱ እየጠጣ፣ እየጠጣ፣ ውሃው በካቦቹ ሥር ኩልል ብሎ ነበር የሚወጣው። አሁን ውሃው ወለል ላይ እንደፈሰሰ ተንሸራተተ፤ ተሰበሰበ፤ ካቡ በፈረሰበት በኩል መንገድ አገኘ። ዓይኑ እያየ ቦይ ተቆፈረ፤ ቦዩም ቁልቁል ወደ ቀጮ ማሳ አመራ።

ዝናቡ ሲያባራ ጭቃውን እየረገጠ ወረደ። የቀጮ ሽንኩርት ሊነቀል ትንሽ ቀርቶት ነበር። አሁን ግማሹ ማሳ ላይ ቢጫ ጭቃና ድንጋይ ተኝቶበታል። ቀጮ ሚስቱን ይዞ ዳር ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አንድ ሽንኩርት ከጭቃው መዘዘች፣ በቀሚሷ ጠረገችውና መልሳ ጣለችው።

«ቀጮ…» አለ አባ ኮረት።

«ነግሬህ ነበር አልልህም» አለ ቀጮ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ አባ ኮረትን ያሳመመው ይሄ ነው። «ብነግርህም ባልነግርህም ጭቃው ያው ነው።»

በሚቀጥሉት ቀናት አባ ኮረት ጎህ ሲቀድ እየወረደ ከቀጮ ማሳ ድንጋይ ሲለቅም ይውላል። ቀጮ አይከለክለውም፤ አያነጋግረውምም። አንድ ቀን ግን ሚስቱ ውሃ በጣሳ አመጣችለት፤ ቆማ ጠበቀችውና ጣሳውን ተቀብላው ሄደች። ሌላ ዝናብ መጣ፤ የለቀመውን ያህል አመጣ።

ድንቡሼ ወንድ ልጅ ስትወልድ አባ ኮረት ከተማ ሄደ። የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የልጅ ልብስ የተሰጣበት ጠባብ በረንዳ። ሕፃኑን አቀፈው፤ ጉንጩ እንደ እናቱ ነበር። ለጥቂት ቀን ሁሉንም ነገር ረሳው ማለት ይቻላል። አትክልተኛው ሥራው ተሳክቶለት፣ ሰው ሆኖ፣ በጠዋት ተነስቶ እየዘፈነ ነበር ጢሙን የሚላጨው። ይህን ሲሰማ አባ ኮረት ደስ ይለው ነበር፤ ድንቡሼ ቢላዋዎቹን ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ማስቀመጧንም አይቷል።

«አባባ፣ ግቢውን ላሳይዎት» አለው አንድ ቀን አማቹ።

ግቢው ያምር ነበር። ውሸት የለበትም፣ ያምር ነበር። ሳሩ እንደ ምንጣፍ ወፍሯል፤ አበቦቹ በቀለም በቀለማቸው ተደርድረዋል። ልጆች ይንከባለሉበታል፤ አንዲት ሴትዮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለታናሽ ልጇ ብርቱካን ትልጣለች። አባ ኮረት ዳር ላይ ተንበረከከና ጣቱን በሳሩ መሀል ሰደደ። ጥቁሩን ነካ። ወዲያው ግን ጣቱ ጠጠርና ሲሚንቶ አገኘ። ሌላ ቦታ ሞከረ። እዚያም ያው ነው።

«ስስ ነው» አለ። «ያ ሁሉ መኪና አፈር የት ደረሰ?»

አትክልተኛው ሳያስበው መለሰ፤ ለሰው የሥራ ወሬ ሲያወራ እንደለመደው። «እሱማ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር። ካቦው አብዝቶ አስጭኖ የለ? የተረፈው ለመኪና ማቆሚያው ሙሌት ገባ። በሮለር ተጠቅጥቆ…» እዚህ ላይ የአማቹን ፊት አየና ቆመ።

መኪና ማቆሚያው ከበስተጀርባ ነበር፤ አስፋልት የለበሰ፣ በነጭ ቀለም የተሰመረ። አባ ኮረት ተነስቶ ሄደበት። አንዲት ቀይ መኪና ወደ ኋላ እየሸሸች ገባች፤ ሾፌሯ ወርዶ በቁልፉ ቆለፋትና ሄደ። አባ ኮረት በሁለቱ ነጭ መስመሮች መሀል ቆመ። አስፋልቱ በፀሐይ ሞቆ በጫማው ሶል በኩል ይሰማዋል። የሚያለቅስ መስሎት ነበር፤ እንባው ግን አልመጣም። አማቹ ከኋላው ቆሞ «አባባ… አባባ…» ይላል።

«ስንት ዓመት ተሸክማዋለች መሰለህ» አለው አባ ኮረት፣ ሳይዞር። «በጀርባዋ እኮ ነው።»

ቤት ሲደርሱ ለድንቡሼ ምንም አልነገራትም። ባሏ ግን ሳይነግራት አልቀረም፤ እራት ላይ ዓይኗ አብጦ ነበር።

አገሩ ሲመለስ ቀጮ ዕቃ ሲጭን አገኘው። የላይኛው ቦይ ሰፍቶ ማሳውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ልጁ ወደሚኖርበት ከተማ ወስዶ ከራሱ ጋር ሊያኖራቸው ነው። ፍራሽ፣ ጠረጴዛ፣ ድስቶች፣ የሚስቱ የስፌት መኪና። አባ ኮረት የጠረጴዛውን አንድ ወገን ያዘ። አብረው ጫኑ። ገመዱንም አብረው አሰሩ፤ ቀጮ ሲስብ እሱ ይይዛል፤ እሱ ሲስብ ቀጮ ይይዛል።

«ይቅር በለኝ» አለ አባ ኮረት ገመዱ ካለቀ በኋላ።

ቀጮ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «እኔስ ብሆን? ልጄ እንደዚያ ሆኖ ቢለምነኝ ኖሮ… እንጃ። አላውቅም» አለ። ከዚያ ተቃቀፉ። ቦርጩ መሀላቸው ገባ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቁበት ነበር።

አባ ኮረት እዚያ ብቻውን አንድ ዓመት ቆየ። ለመሞከር ሞከረ፤ የፈረሰውን ካብ መልሶ ሊያቆም ጀምሮ ወገቡን ተጎዳ። ደግሞም ካቡ ቢቆም ከኋላው የሚይዘው ምን ነበር? በመጨረሻ ድንቡሼ መጥታ ልብሱን በሻንጣ ከተተች። አልተከራከራትም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ሲከት እሷ የውጭውን ግድግዳ ተደግፋ ማሳውን ታይ ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ አይደል?» አለች። «እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ብዙ ነገር ሊላት ይችል ነበር። ፈቃዱ የእሱ ነው፤ ካቦው የካቦ ሥራ ሠራ፤ ኦፕሬተሩ የተባለውን አደረገ፤ ባሏም በሕይወት አለ፤ ልጇም አባት አለው። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ግን አፈሩን አይመልስም። እጇን ያዘ።

«ነይ እንሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጠን» አላት።

አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። የልጅ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ቀጮ አልፎ አልፎ ከልጁ ቤት ይደውልለታል። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። ስለ መሬቱ አያነሱም።

«ዝናብ አለ እናንተ ጋ?» ይላል ቀጮ።

«አለ። ከጠዋት ጀምሮ ነው። እናንተስ?»

«እኛም ጋ አለ።»

ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ዝም ይላሉ። ውሃው በሁለቱ ከተሞች ጣሪያ ላይ ይወርዳል፤ እነሱ ይሰማሉ። የስልኩ ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ቀድሞ አይዘጋም።